የዶክተር ጥዱ የመጨረሻ እንፋሎት

ሞት ወደዚያ ቤት የገባው አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ መሆን አለበት። ቤቱ ከጣሪያው እስከ ወለሉ፣ ከአንሶላው እስከ ማንኪያው ጥድ ጥድ ይላል። የግቢው ዶሮዎች የሚጥሉት እንቁላል ተቀቅሎ ሲላጥ የታፈነ አፍንጫ ይከፍታል ተብሎ ይወራ ነበር። በዓይኑ ያየ የለም እንጂ አየሁ ባዩ ብዙ ነው።

ባለቤቱን ሰው ሁሉ «ዶክተር ጥዱ» ይለዋል። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠው በዕድሜው አንድ ቀን ነው፤ ያውም በሩን ቀለም ሊቀባ። በኋላ ብሩሹን ጥሎ ከጥዱ ጫካ ጥግ አምስት ክፍል ሠራ። ቅጠሉን አፍልቶ እንፋሎቱን ለጉንፋን፣ ዘይቱን ለደረትና ለቁርጥማት፣ ሙጫውን ከሰም ጋር አቅልጦ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ይሰጥ ጀመር። እውነቱን ለመናገር፣ በጉንፋን ታፍኖ መጥቶ ሳይቀለው የተመለሰ ጥቂት ነው። ችግሩ ወሬው ከመድኃኒቱ ቀድሞ መሮጡ ነው። ሙጫው የተሰበረ ትዳር ይጠግናል ተባለ። አንድ ራሰ በራ ደግሞ ጸጉር ያበቅላል ሲሉት ሰምቶ ሙጫውን አናቱ ላይ ለቀለቀና ኮፍያውን ደፋበት። ጸጉሩ አልበቀለም፤ ኮፍያው ግን እንደበቀለ ሦስት ወር ቆየ።

በዚያ ቀን ጧት፣ ዶክተር ጥዱ እንፋሎት ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ፣ ፎጣውን ራሱ ላይ ጣል እንዳደረገ፣ ሞቶ ተገኘ።

መርማሪዋ የደረሰችው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሃምሳን የተሻገረች፣ አጭር፣ እግሯን ሳይሆን ዓይኗን የምታስሮጥ ሴት ናት። ከዓመታት በፊት አንድ ክፉ ትኩሳት ያዛትና ሲለቃት ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። ባልደረቦቿ «አፍንጫ የለሽ» ይሏታል፤ ከኋላዋ ነው የሚሉት፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው።

የአካባቢው ፖሊስ ደረቱን ነፍቶ በር ላይ ጠበቃት።

«አለቃ፣ ነገሩ አልቋል። አንጣሪውን ይዤዋለሁ።»

«አንጣሪው ማነው?»

«ዘይቱን የሚያነጥረው ሠራተኛ ነው። ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ ተሰምቷል። ዛሬ ንጋት ላይ የእንፋሎቱን ምድጃ ያቀጣጠለው እሱ፣ ሬሳውን ያገኘው እሱ። ከዚህ በላይ ምን ልጨምርልዎ?»

«እንዴት እንደገደለው።»

ፖሊሱ ኮፍያውን አስተካከለ። «እሷን ለእርስዎ ትቼ ነው።»

ክፍሏ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያስቀምጥ የእንጨት ሳጥን ናት። በአንድ ጥግ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ቅጠል የተነከረበት ድስት፣ ከምድጃው ጀርባ ተነሥቶ ግድግዳውን በስቶ የሚወጣ የቆርቆሮ ቱቦ። ከሟቹ ጎን የዘይት ጠርሙስ ቆሟል።

«ይቺን ጠጥቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ሲጠጡት መርዝ ነው አሉ» አለ ፖሊሱ።

«ጠርሙሷ እስከ አንገቷ ሙሉ ናት። ደግሞ ሃያ ዓመት ለሰው ‹ሦስት ጠብታ ውሃው ላይ፣ አንድም ጠብታ አፍ ውስጥ አይገባም› ሲል የኖረ ሰው አይጠጣትም።» መርማሪዋ ፎጣውን ገለጠች። የሟቹ ፊት ቀልቷል።

«እንፋሎቱ ነው ያቀላው።»

«እንፋሎት ያቀላው ፊት ነፍስ ሲወጣ ይገረጣል። ይህ ሰው ከሞተ ሁለት ሰዓት አለፈው፤ አሁንም ሙሽራ ይመስላል። ከሰል ነው ያፈነው።»

«ቱቦ እያለ?»

መርማሪዋ ቁራጭ ወረቀት ለኩሳ ምድጃው አፍ ላይ ያዘችው። ጭሱ ወደ ቱቦው ሽው አለ። «አሁን ይስባል። ያን ጊዜ ግን አልሳበም። እሳቱን ተመልከት፤ ከሰሉ ግማሹ ጥቁር እንደሆነ ጠፍቷል። የድስቱ ውሃ ከአፉ አልጎደለም። አየር ያጣ እሳት ነው። ሰውየውና እሳቱ አንድ ላይ ታፈኑ።»

«ታዲያ ቱቦውን ማን ከፈተው?»

«የዘጋው።»

በጓሮ ዞረው ሄዱ። ቱቦው በሰው ትከሻ ልክ ከግድግዳው ወጥቶ አፉን ወደ ጫካው ከፍቶ ያዛጋል። መርማሪዋ ሽቦ ሰዳ ጎረጎረችው። ከጥላሸቱ ጋር ጫፋቸው ለብለብ ያለ እፍኝ የማይሞሉ የጥድ ቅጠሎች ወጡ፤ ቀጫጭን፣ እንደ መርፌ። በመሐረብ ቋጠረቻቸው።

«የጥድ ቅጠል እኮ ነው፣ አለቃ። እዚህ ግቢ ሌላ ምን አለ? ካልሲዬ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።»

«ለአንተ ሽታ ነው፤ ሸትቶህ አለቀ። ለእኔ ቅጠል ነው፤ ማየት አለብኝ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት ጠበቀቻት። አርባ አምስት ይሆናታል፤ ዓይኗ ግን ከዚያ በላይ ኖሯል። ፖሊሱ «የታማሚዋ እናት ናት፤ በዚህ ወቅት ያለችው በሽተኛ ልጇ ብቻ ናት» አለ።

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እባክዎ፣ እዚያ ክፍል ሲገቡ ስለ በሽታው ምንም እንዳይሉ። ልጄ አታውቅም። ብርድ ነው የመታት፤ በጥዱ ትድናለች ብያታለሁ። ሌላ ነገር ከሰማች በዚያው ቀን ነው የምትሞትብኝ።»

«ሌላው ነገር ምንድን ነው?»

እናት ግድግዳውን አየች። «ሌላው ነገር ቀኑ ነው። ሐኪሞቹ ሁለት ወር ብለዋል።»

መርማሪዋ «ከእኔ አትሰማም» አለች። ቃሏን ስትሰጥ የምን ቃል እንደሰጠች ገና አላወቀችም።

የሟቹ ሚስት ጠርሙስ ክፍል ውስጥ ወረቀት ትለጥፋለች። «ለደረት»፣ «ለመገጣጠሚያ»፣ «ለእግር»። ለቅሶ አልጀመረችም።

«እጄ ከቆመ እወድቃለሁ» አለች፣ ሳትጠየቅ። «ይለጠፍ። የሚገዛው ባይኖርም ይለጠፍ።»

«የሚገዛው ለምን አይኖርም?»

«ባለቤቴ ቤቱን ሊዘጋው ነበር። ትናንት ከሰዓት የልጅቷ ራጅ ከከተማ መጣለት። ወደ መስኮቱ ይዞ አንድ ሰዓት ሙሉ አየው። ከዚያ ሁላችንን ሰብስቦ፣ ከልጅቷ በቀር፣ ‹ጥድ አፍንጫ ይከፍታል እንጂ ያለቀ ሳንባ አይቀጥልም። ሰው ከሆስፒታል ወደ እኔ ሲሸሽ ዝም ማለቴ ይበቃል› አለ። ለልጅቷም ዛሬ ጧት ራሱ ሊነግራት ነበር። ‹የቀረውን ቀን የማያውቅ ሰው ቀኑን ተሰርቋል› ይላል።»

«ሰዉ ምን አለው?»

«አንጣሪው ጮኸበት። ወንድሙ አኮረፈ። እኔ አለቀስኩ። የልጅቷ እናት ፊቷን ሸፍና ወጣች፤ ምን ትበል?» አንዱን ወረቀት አጣማ ለጠፈችና ነቀለችው። «እኔም ደርሼ እንዲተወው ለምኜው ነበር። አየሽ፣ እኔም የምጠረጠር ነኝ።»

«ለልጅቷ ሊነግራት እንደነበር ለማንም አይድገሙት።»

አንጣሪው እጁ በካቴና ከመዳብ ጋኑ እግር ጋር ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጋኑ ሁለት ኩንታል ቅጠል ይውጣል።

«ጋኑን ተሸክሞ እንዳይሸሽ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«እሱ ጡንቻውን ሲያዩት ይችላል» አለ ፖሊሱ።

አንጣሪው ፈገግ አላለም። «እትዬ፣ አልዋሽም፣ ጮኼበታለሁ። ሃያ ዓመት ቅጠል ሳፈላ ኖሬ ሥራህ ሁሉ እንፋሎት ነው ብባል ምን ልበል? ግን ሰውየው እንደ ወንድሜ ነበር። ንጋት ላይ እንደ ዘወትሩ ምድጃውን አያያዝኩለት፣ ከሰሉ ፍም ሲሆን እሱ ገባ፣ እኔ ወደ ጫካ ለቅጠል ወጣሁ። አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ እንደዚያ ሆኖ አገኘሁት።»

«ጫካ ውስጥ ያየህ ሰው አለ?»

«ዛፍ ነው ያየኝ። ለምስክርነት አይመጣም።»

መርማሪዋ መሐረቡን ፈታች። «ይህስ?»

ሰውየው በነጻ እጁ አንዱን ቅጠል አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ያዘው። ፊቱ ተለወጠ። «ይህ ከእኔ ክምር አይደለም።»

«ጥድ አይደለም?»

«ጥድስ ጥድ ነው። ግን ይቁጠሩት። እኔ የማፈላው ሻካራውን ነው፤ ከአንድ ስር ሁለት ሁለት ሆኖ ይወጣል። ይወጋል፣ ዘይቱ ግን ብዙ ነው። ይህ ለስላሳው ነው፤ ከአንድ ስር አምስት። ከወንዙ ማዶ ሰባት ዛፍ ብቻ አለን። ለትራስ እንጂ ለሌላ አይለቀምም፤ የዘንድሮው ከተለቀመ ደግሞ ወር አልፎታል።»

«ስለዚህ በዚህ ግቢ ለስላሳው ያለው…»

«ትራስ ውስጥ ነው። ሦስት ትራስ አለ። የሚስቱ የእትዬ፣ የወንድሙ የወጌሻው፣ የልጅቷ። ዶክተር ክንዱን ነበር የሚንተራሰው።»

«ትራሱን ማን ይሰፋል?»

«የታማሚው ዘመድ በእጁ። የቤቱ ደንብ ነው። ባዕድ የሰፋው ትራስ እንቅልፍ አያመጣም ይል ነበር ዶክተር።»

«እውነት ነው?»

«ሰው ለበሽተኛው የሚሠራለት ነገር ሲያጣ ያብዳል። ሥራ ሊሰጣቸው ብሎ ያወጣው ደንብ ነው።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ወጌሻ ነው። የዞረ ቁርጭምጭሚት ይመልሳል፣ ወገብ ያሻል፤ ያሸውን ሰው ሁሉ ደግሞ በወሬ ያሸዋል። መርማሪዋ ስትገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያያል።

«ወንድሜ በአንድ ራጅ ተሸነፈ» አለ። «እኔ ሽባ በቅሎ በጥድ ዘይት አሽቼ በሦስተኛው ቀን ከአውቶቡስ ጋር ተሽቀዳድማለች። ሾፌሩ ምስክር ነው።»

«በቅሎዋ አሁን የት ናት?»

«ሞታለች።»

«በምን?»

«በሩጫ።» ድምፁ ግን መሐል ላይ ተሰበረ። «የምቀልድ አይምሰልሽ። አፌ ልማዱን ነው የሚሠራው።»

«ንጋት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የጥድ ትራስ ላይ የተኛን ሰው መድፍ አይቀሰቅሰውም።»

መርማሪዋ ትራሱን አገላበጠችው። ጨርቁ ወይቧል፤ ውስጡ አራት ዓመት ተተኝቶበት ትምባሆ መስሏል። አንድም ሙሉ ቅጠል የለውም። ቀደም ብላ ያየችው የሚስትየዋ ትራስም ስፌቱ አሮጌ፣ ሆዱ ሙሉ ነው።

የቀረው የመጨረሻው ክፍል ነው።

ልጅቷ መስኮት ሥር ባለው አልጋ ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንገቷ የልጅ፣ ዓይኖቿ የአዋቂ። እናቷ እግሯ ሥር የጥድ ዘይት በለብታ ውሃ እየጨመረች ታሻታለች።

«መርማሪዋ እርስዎ ነዎት? ሽጉጥ አለዎት?» አለች ልጅቷ።

«አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ከማበጠሪያዬ ሥር።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቁን ሳል ተቀበለው፤ ሳሉ ሳቁን ጨርሶ ትርፍ ጠየቀ። ሲለቃት «እንዲህ መሆኔን አይዩ» አለች። «ከመጣን ወዲህ ተሽሎኛል። ክረምቱ ሲወጣ መንጃ ፈቃድ እፈተናለሁ። ከባድ መኪና ነው የምፈልገው፤ እማዬ ሞትሽን ነው የምትፈልጊው ትለኛለች።»

እናት የልጇን እግር በፎጣ ጠቀለለች።

«ጉንጭሽን ምን ነካው?» አለች መርማሪዋ። የልጅቷ ቀኝ ጉንጭ ላይ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች አሉ።

«ትራሴ ነዋ። እስከ ትናንት ጥጥ ነበር፣ ዛሬ ጃርት ሆነብኝ። እማዬ ደርቆ ነው አለች።»

የእናት እጅ ፎጣው ላይ ቆመ።

መርማሪዋ ትራሱን አነሣች። ጨርቁ ሰማያዊ፣ ክሩ አዲስ ነው። እናት ያሰረችው ሻሽም ሰማያዊ ነው፤ አንዱ ጠርዙ ግን ተቀዷል። ከስፌቱ ሾልካ የወጣች፣ ከስሯ መንታ የሆነች አንዲት ቅጠል መዘዘችና መዳፏ ውስጥ ደበቀቻት።

«ደርቆ ይሆናል» አለች። ቀና ስትል ከእናትየዋ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አንዳቸውም ዓይናቸውን አልሰበሩም።

ከክፍሉ ወጥታ ፖሊሱን ጠራችው። ያጋጠማት ነገር ቀላል አይደለም። ገዳዩን ካልተናገረች ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ይፈረድበታል። ከተናገረች ደግሞ ልጅቷ «ለምን?» ትላለች፤ መልሱ ደግሞ ሁለት ወር የሚለው ነው። ስለዚህ ጠርሙስ ክፍሉ ከልጅቷ ክፍል ራቅ ያለ መሆኑን አየችና «ሁሉንም እዚያ ሰብስብልኝ» አለችው።

እዚህ ላይ ፖሊሱ በዕድሜው አንድ ጊዜ ትእዛዝ እንደወረደ ፈጸመ። መርማሪዋ ወደ ጠርሙስ ክፍሉ ስትገባ ሚስት አለች፣ ወጌሻው አለ፣ አንጣሪው በካቴና አለ፣ እናት አለች፤ ከእናቷም አጠገብ ልጅቷ ከነብርድ ልብሷ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እሷን ማን አምጣ አለህ?»

«ሁሉንም ብለውኛል። ሁሉም ማለት ሁሉም ነው። ተሸክሜ ነው ያመጣኋት፤ ደግሞ እንደ ላባ ናት።»

«መልሳት።»

«አልመለስም» አለች ልጅቷ። «እኔም እኮ ተጠርጣሪ ነኝ። ደግሞ ዶክተር ጥዱን እወደው ነበር።»

መርማሪዋ ለጥቂት ጊዜ ጠርሙሶቹን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች፤ ቃል እየቆጠረች።

«ሟቹ በልብ ድካም አልሞተም፣ ዘይትም አልጠጣም። የከሰል ጋዝ ነው የገደለው። ከሰሉ ፍም ስለነበር ጭስ የለውም፤ ጥቂት ሽታ ቢኖረው እንኳ ጥዱ ውጦታል። ቱቦው ከውጭ ተዘግቶ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ተከፈተ።»

«በምን ተዘጋ?» አለ ወጌሻው።

«በትራስ። ልቅ ቅጠል ቱቦ አይዘጋም፣ ጨርቅ የለበሰ ትንሽ ትራስ ግን ልክክ ይላል። ሲወጣ ግን የቱቦው ሙቀት ጨርቁን ለብልቦት ስለነበር ስፌቱ ፈነዳ። ጥቂት ቅጠል ውስጥ ቀረ።» መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ከአንድ ስር አምስት። ለስላሳው ጥድ፤ ከትራስ በቀር የትም የለም።»

«አንጣሪው ትራስ መስረቅ አይችልም?» አለ ፖሊሱ፤ እስረኛው እንዳያመልጠው እየሰጋ።

«ይችላል። ነገር ግን ትራሱ ጠፍቶ አልቀረም፤ ተተክቷል። የፈነዳው ትራስ ተቃጥሎ በምትኩ ሌላ ተሰፋ፤ የተሞላውም በሻካራው ነው።» መንታዋን ቅጠል ከመዳፏ አውጥታ ከአምስቶቹ አጠገብ አስቀመጠች። «ይህ ሰው ሃያ ዓመት ቅጠል ለይቷል። ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ትራስ በሻካራው አይሞላም። የሟቹ ሚስትና ወንድምም አይሳሳቱትም። ስህተቱ ጥድ ሁሉ አንድ የሚመስለው እንግዳ ሰው ስህተት ነው። የወጌሻው ትራስ አሮጌ ነው፣ የሚስትየዋም አልተነካም።»

ልጅቷ እጇን ቀስ ብላ ወደ ጉንጯ ወሰደች።

«እማዬ?»

«እኔ ነኝ» አለች እናት፤ ሰው ስሟን ጠርቷት አቤት እንደምትል ያህል። «ሰውየውን ፈቱት።»

ፖሊሱ ካቴናውን ሊፈታ ሄዶ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጣለ። ወጌሻው ግን ከመቀመጫው ተነሣ።

«ለምን? ወንድሜ ምን አደረገሽ?»

ሚስት አፏን ከፈተች። ምክንያቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ መርማሪዋ አየችው። እናትም አየችው፤ ቀደመቻት።

«ሰደበኝ። ትናንት ለብቻዬ ጠርቶ ለማኝ አለኝ። ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፣ ቤቴን የሳል ቤት አደረግሽው አለኝ። ንቀት አልችልም።»

«ዶክተር ጥዱ?» አለች ልጅቷ። «ዶክተር ጥዱ ዶሮ እንኳ እሽ አይልም።»

«እኔን ሰደበኝ።»

«ውሸትሽን ነው።»

ያን ጊዜ አንጣሪው የተላጠ የእጁን አንጓ እያሸ ተናገረ። መሬት መሬት ነው የሚያየው። «እውነቷን ነው። ሲሰድባት ሰምቻለሁ። እኔም የጮህኩበት ለዚሁ ነው።»

ልጅቷ ወደ ወጌሻው ዞረች። ያ የሺህ ወሬ ባለቤት፣ በቅሎ ከአውቶቡስ ጋር ያሽቀዳደመ ሰው፣ አንዲት ትንሽ ውሸት አንገቱ ላይ ተቀርቅራ አልወጣ አለችው። ገብቶታል። ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

የቀረችው ሚስት ናት። ባሏ ሳይቀበር፣ በገዛ ጠርሙሶቹ መሐል። መርማሪዋ ወደ እሷ ላለማየት ፊቷን አዞረች፤ ይህን ማንም ሊጠይቃት አይገባምና። ሚስት የልጅቷን ቀጭን አንገት አየች፣ የተበሳሳ ጉንጯን አየች።

«ባለቤቴ…» አለችና ዋጠችው። «ባለቤቴ ክፉ አፍ ነበረው። ውጭ ነው እንጂ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ነበር።» ያን ጊዜ ነው ለቅሶው የመጣላት።

ልጅቷ አመነች። እናቷ ልትነካት እጇን ዘረጋች።

«አትንኪኝ። በስድብ ሰው ይገደላል? እኔ እዚህ ልድን ስታገል አንቺ…» ሳሉ ያዛት። እናት እጇን እንደዘረጋች ቆማ ሳሉን እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ከዚያ እጇን አጠፈች።

መርማሪዋ እናትየዋን ይዛት ወጣች። መኪናው ከመስኮቱ ሥር ቆሟል። ፖሊሱ ከፊት ገብቶ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲታገል ሁለቱ ሴቶች ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የእኔ ቃል ችሎት ላይ ይነበባል?» አለች እናት።

«ይነበባል። ተሰደብኩ ብሎ የገደለና በሌላ ምክንያት የገደለ እኩል አይፈረድበትም። እውነቱ ቢጻፍ ዳኛው ያዝንልሻል።»

«ሲነበብ ሰው ይሰማል። የሰማ ያወራል። እኔ ያልኩትን ጻፊ።»

«ሁለት ወር ነው። ብቻዋን ነው የምታሳልፈው፤ እየጠላችሽ።»

«ትጥላኝ።»

መርማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች። ሃያ ስድስት ዓመት በሥራው ላይ ስትቆይ «ምክንያት» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት የማታምንበትን ጽፋ አታውቅም። «ስድብ» ብላ ጻፈች። እስኪርቢቶው ሁለተኛው ፊደል ላይ ወረቀቱን ቀደደው።

ከላይ በተከፈተው መስኮት የልጅቷ ድምፅ መጣ። አንጣሪው ወደ አልጋዋ መልሷት ይመስላል፤ ለእሱ ነው የምታወራው። እያለቀሰች ነው፣ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ስድን እንኳ ሄጄ አልጠይቃትም። መኪናዬን ይዤ በበሩ ሳልፍ እንኳ አላቆምም።»

ሞተሩ ተነሣ። እናት ካቴና ያለበትን እጇን የመርማሪዋ ጉልበት ላይ ጣል አደረገች።

«ሰማሽ?» አለች። «ስድን አለች።»